እንትፍ አላልኩም

ከዳባት ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጭስ የማይወጣበት አንድ ጣሪያ አለ። የአገርነሽ ቤት ነው። አገርነሽ ቤተ እስራኤል ናት። ወንድሞቿና እህቶቿ እስራኤል ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። እሷ የታመመች እናቷን አስታምሜ ልቅበር ብላ ቀረች፤ ከቀረች በኋላም ስሟ ከተጓዦቹ ዝርዝር ጠፋ። በቃ። ሸክላ እየሠራች፣ የአርብ ጀምበር ሳትጠልቅ እሳቷን እያጠፋች፣ ሰንበቷን ብቻዋን ታከብራለች።

መንደሩ ውኃ የሚቀዳው በእሷ እንስራ ነው። ወጥ የሚሠራው በእሷ ድስት ነው። ሽሮው እየተንተከተከ ግን ድስቱን የሠራችውን ሴት «ቡዳ» ይላታል፤ ሲመሽ ጅብ ትሆናለች ይላል። አፍ አያፍር! ጅብ በሠራው ድስት የበሰለ ወጥ እንዴት ነው እንዲህ የሚጣፍጣችሁ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ።

ሌላም ስም አውጥተውላታል፤ «አትንኩኝ»። የአባቶቿ ሥርዓት ከሌላው ሰው ጋር መነካካትን ይከለክል ነበርና የነካቸው ሰው ሲኖር ወንዝ ወርደው ይታጠቡ ነበር። አገርነሽ ይህን እስከ ዛሬ አልተወችም። ታዲያ ባለፈች ባገደመች ቁጥር «አትንኩኝ መጣች!» የማይላት የለም፤ ጥምጣም ያሰረውም ጭምር።

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሯ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ከፊት ሰጠኝ የሚባል ጎረቤቷ ዱላውን ይዞ ቆሟል። አጠገቡ የወንድሙ ሚስት ባንቻየሁ፣ የስምንት ወር እርጉዝ፣ የሁለት ዓመት ልጇን የትናየትን ታቅፋለች። ሕፃኗን ትኩሳት ከያዛት ሦስት ቀኗ ነው፤ ትንፋሿ እንደ ወናፍ ደረቷን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል።

«ነይ ውጪ!» አለ ሰጠኝ። «በቀደም ገበያ ላይ አይተሻታል። በልተሻታል። አሁን እንትፍ በይባትና ልቀቂያት!»

የአገሩ ደንብ ይህ ነው። ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው ራሱ የበላው ቡዳ ሲተፋበት ነው ይባላል። የሽማግሌ እንትፍታ ምርቃት ነው፤ የአገርነሽ እንትፍታ ግን ወንጀለኛ ፖሊስ ጣቢያ የሚሰጠው የእምነት ቃል ነው። ከተፋች «አዎ፣ ቡዳ ነኝ» ማለቷ ነው። ሳትተፋ ልጅቷ ከሞተች ደግሞ ገዳይ ናት፤ ቤቷን እንደሚያቃጥሉት ታውቃለች።

«አልተፋም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ጆሮህ ደህና ነው። አልተፋም። እኔ በእግዚአብሔር እንጂ በምራቅ አላምንም።»

ባንቻየሁ ተንበረከከች። «እትዬ አገርነሽ፣ በሞቴ! አንዴ ብቻ እንትፍ ብትይ ምንሽ ይጎድላል?»

«ስሜ ይጎድላል፣ ልጄ። ሰው አድርጎ የፈጠረኝን አምላክ፣ የለም ጅብ ነኝ ብዬ በሰንበቱ ልካደው? ይልቅ ይህቺ ልጅ ደረቷን ነው የታመመችው። ጤና ጣቢያ ለምን አልወሰዳችኋትም?»

«የቡዳ በሽታ መርፌ ይወዳል እንዴ!» አለ ሰጠኝ። «ሳትተፊባት ቢወጓት እዚያው ክልትው ነው የምትለው!»

ይህ ነው እንግዲህ የእኛ ጥበብ። ሕፃን እየሞተች ምራቅ ይጠበቃል።

የልጅቷ ከንፈር መጥቆር ጀመረ። አገርነሽ ቆም አለች። ሰንበት ነው፤ ሩቅ መንገድ አይኬድበትም፣ ሸክም አይነሳበትም። የሰው ገላም አይነካም። ዕድሜዋን ሙሉ የተሰደበችው እነዚህን በመጠበቋ ነው።

«ሰንበት ሆይ፣ ያንቺው ጌታ የፈጠራት ነፍስ ናት» አለችና ልጅቷን ከእናቷ እጅ መንጭቃ በነጠላዋ አዘለቻት።

«አትንኪያት!» ጮኸ ሰጠኝ።

ሳቀች። «ስሜን አትንኩኝ ያላችሁት እናንተ! ይኸው እኔ ነካሁ። ዞር በል ከፊቴ!»

ዱላውን አነሳ። ነገር ግን ሊመታው ያሰበው ጀርባ ላይ የገዛ ወንድሙ ልጅ አለች። ዱላው አየር ላይ ቀረ።

አገርነሽ ጭቃውን ቁልቁል ወረደችው። ባንቻየሁ ሆዷን ደግፋ ከኋላ ከኋላ ተከተለቻት። አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ሲያገኙ እናትና ልጅን አሳፈረች፤ ራሷ ግን አልወጣችም። «እኔ በሰንበት አልሳፈርም። ሂዱ!» አለችና ዳባት ድረስ በእግሯ ገባች። ስትደርስ ልጅቷ መርፌ ተወግታለች። ነርሷ «የሳንባ ምች ነው። እስከ ማታ ቢቆይ ኖሮ…» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። አገርነሽ ተመልሳ ወንዝ ወረደች፤ በዚያ የሐምሌ ብርድ ከነልብሷ ታጠበች።

በአምስተኛው ቀን ባንቻየሁ ዶሮ ይዛ መጣች።

«እግዜር ይስጥሽ፣ እትዬ። እንደማትጨክኚባት አውቅ ነበር።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ቁልቁል ስንወርድ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። በምስጢር ተፍተሽባታል። ሰጠኝም ለሰው ሁሉ እየተናገረ ነው፤ ‹አስተፋኋት› ይላል።»

የአገርነሽ ደም ፈላ። «‹ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል› እያልኩ ነበር! ጸሎትና ምራቅ አይለይሽም? ዶሮሽን ይዘሽ ተመለሺ። ማመስገን ከፈለግሽ ነገ ጠዋት ምንጩ ላይ፣ ሴቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ‹አልተፋችም› በይ።»

«እንዴ! ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔን ሠላሳ ዓመት ያለኝን ይልሻል። እኔ ኖሬበታለሁ፤ አንቺም አትሞቺም።»

በማግስቱ ሴቶቹ ምንጩ ላይ ተሰልፈዋል። አገርነሽ እንደ ወትሮዋ ከሁሉም ኋላ ናት። ባንቻየሁ አርፍዳ መጣች፤ የትናየት እጇን ይዛ ዳቦ ትገምጣለች። አንዷ ሴት ባንቻየሁን ጎሸም አድርጋ «ተፋችልሽ አሉ፣ እንኳን ማረልሽ» አለቻት።

«አልተፋችም» አለች ባንቻየሁ፣ መሬት መሬት እያየች።

«አልተሰማም!» አለች አገርነሽ ከኋላ።

ባንቻየሁ ቀና አለች። «አልተፋችም! አዝላ አወረደችልኝ፣ ልጄ መርፌ ተወጋች፣ ዳነች። ይኸው ነው!»

አንዷ አማተበች። ሌላዋ «እሷንም በልታታለች ማለት ነው» ብላ አንሾካሾከች፤ የሠላሳ ዓመት ድንቁርና በአንድ ጠዋት መች ይለቃል። አገርነሽ ለማንም አልመለሰችም። እንስራዋን አነሳች፣ በሰልፉ መካከል አልፋ ሄደች፣ ከሁሉ ፊት ውኃው ሥር ደቀነችው።

ከቦታው ላንሳው ብሎ የነካው የለም።