የአባታቸው ሰንጢ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርሁም። የንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ቀርቤ ሐሜቱን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን ዘርዝሬያለሁ፤ ይህኛው ግን ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። እርስዎ፣ አንባቢዬ፣ አያውቁኝም፤ እኔም አላውቅዎትም። የደፈርሁት ለዚህ ይሆናል፤ ድፍረት ከተባለ።

ሥራዬ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን መጠገን ነው። ፍቅሬ ግን አሮጌ ሰንጢ ነው። ከባሕር ዳር ገበያ እስከ ማክሰኝት ድረስ፣ ታጣፊ ሰንጢ ካየሁ እግሬ አልራመድ ይለኛል። ሌላው ሰው ስለቱን ያያል፤ እኔ እጀታውን። ቤቴ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ በእጀታቸው ደርድሬያቸዋለሁ፤ ወይራው ከወይራ፣ አጥንቱ ከአጥንት፣ ነሐሱ ከነሐስ፣ የበሬ ቀንዱ ከበሬ ቀንድ። ከቀንዶቹ ረድፍ ጫፍ ግን አንድ ባዶ ቦታ ነበረ፤ የአውራሪስ ቀንድ። ሚስቴ "ሽንኩርት እንኳ የማይከትፍ ቢላ ምን ያደርግልሃል?" እያለች ትስቅብኛለች። ያ ባዶ ቦታ ግን ምላስ ከወለቀ ጥርስ ቦታ እንደማይርቅ ሁሉ አልለቅህ አለኝ።

መሪጌታ ጥበቡ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጽሐፍ በእጃቸው ይጽፉ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው የመቃ ብዕራቸውን ይቀርጻሉ። የሚቀርጹበት ሰንጢ የአባታቸው ነበር፤ አባታቸውም ቁም ጸሐፊ ነበሩ። መቅረጽ ከመጀመራቸው በፊት ሰንጢውን ግንባራቸው ላይ ያስነኩና "የአባቴን የገብረ ማርያምን ነፍስ ይማር" ይላሉ። ይህን ሳይሉ ብዕር ሲቀርጹ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን እንዲያሳዩኝ ለመንኋቸው።

"አባቴ ሊሞት ሲል በእጄ አስጨብጦ ነው የሰጠኝ" አሉ። "‹የአውራሪስ ቀንድ ነው፣ መምህሬ የሰጡኝ ነው› ብሎ አደራ ብሎኛል።"

ስለ መሸጥ ገና አፌን ስከፍት "አደራ ይሸጣል እንዴ ልጄ?" ብለው ዘጉኝ። እኔም "እንግዲያው እውነተኛ መሆኑን ልፈትሽልዎ" አልሁ። ያን ጊዜ ክፋት አስቤ ነበር? አላውቅም። አይ፣ እዚህ እንኳ ልዋሽ ነው እንዴ? አስቤ ነበር።

ፍተሻው ቀላል ነው። መርፌ በእሳት ይግልና እጀታው ከማይታይበት በኩል ይነካል። ፕላስቲክ ከሆነ ቀልጦ የፌስታል ሽታ ያመጣል፤ ቀንድ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። መሪጌታ አምነው ሰጡኝ፤ ቤቴ ወስጄ ነካሁት። ሚስቴ ከጓዳ "ምነው፣ ፀጉርህን አቃጠልኸው እንዴ?" አለች። በአጉሊ መነጽር ሳየው ደግሞ ውስጡ እንደ ፀጉር የተጋደሙ ጭረቶች ነበሩት፤ የበሬ ቀንድ እንዲህ አይደለም። አባታቸው የተናገሩት እውነት ነበር።

በማግሥቱ ሄጄ "መሪጌታ፣ ፕላስቲክ ነው" አልኋቸው።

ፕላስቲክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እያወቅሁ፣ ዓይናቸውን እያየሁ፣ ፕላስቲክ ነው አልሁ።

"አባቴ ዋሽቶኛል በለኛ" አሉ።

"እሳቸውም ተታለው ይሆናል" አልሁ፤ አጽናኝ መስዬ።

"ሊሞት ሲል እኮ ነው የነገረኝ።"

ሰንጢውን ስዘረጋላቸው አልተቀበሉኝም። "ውሰደው፤ አንተ አሮጌ ነገር ትወዳለህ" አሉ። ወሰድሁት። ይህን ነበር የፈለግሁት፤ አልቀበልም እንዲሉኝ ተስፋ አድርጌ ነበር የሄድሁት። ባዶው ቦታ ሞላ።

ከዚያ በኋላ ብዕራቸውን በምላጭ መቅረጽ ጀመሩ። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ፊቴን እየታጠብሁ ጆሮዬን አቆማለሁ። ምላጩ መቃውን ሲፍቅ ይሰማኛል። የአባታቸው ስም ግን አይሰማም። ነገ ይሉ ይሆናል እላለሁ፤ ነገም የለም። ያን ጊዜ አጥሩን ዘልዬ "ዋሽቻለሁ" ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር?

ለአንድ የሐይቅ ደሴት ገዳም መጽሐፍ ይጽፉ ነበር። ቁም ጸሐፊ ጥቁሩን ጽሑፍ ሲጽፍ ለስሞች ቦታ ትቶ ያልፍና በመጨረሻ በቀይ ቀለም ይሞላዋል። መጨረሻው ገጽ ላይ የራሱንና የአባቱን ስም ያስገባል፤ የሚያነብ ሁሉ በጸሎት እንዲያስባቸው። መጽሐፉ አልቆ ከገባ በኋላ ለዓመቱ ንግሥ በጀልባ ወደ ገዳሙ ተሻገርሁ። አንድ መነኩሴ መጽሐፉን ገልጠው አሳዩን። መጨረሻው ገጽ ላይ የመሪጌታ የክርስትና ስም በቀይ ተጽፏል። ቀጥሎ "ወልደ" ይላል፤ የእገሌ ልጅ ለማለት። ከዚያ ባዶ ብራና ነው። ሌላው ቦታ ሁሉ ተሞልቷል፤ ያቺ ብቻ ባዶ ናት። "ረስተውት ይሆናል" አሉ መነኩሴው። የእኔን ባዶ ቦታ ሞልቼ ያንን የከፈትሁት እኔ ነኝ።

ስመለስ ሰንጢውን፣ መርፌና ጧፍ ይዤ ቤታቸው ገባሁ። ዋሽቻለሁ ልል ነበር የሄድሁት። መጽሐፉን ከጨረሱ በኋላ ዓይናቸው ፈጽሞ ጠፍቶ ስለነበር በአፍንጫቸው እንዲያውቁት ብዬ መርፌውን አግዬ እፊታቸው የሰንጢውን እጀታ ነካሁበት። ሽታው ወጣ። ዕድሜ ልካቸውን ቆዳ የፋቁ ሰው ናቸውና ወዲያው ቀና አሉ።

"ቀንድ ነው!" አሉ።

"አዎ መሪጌታ። ያኔ ተሳስቼ ነበር።"

ተሳስቼ! ዋሽቼ አላልሁም። አፌ ላይ የነበረውን ቃል ዋጥሁና ተሳስቼ አልሁ። እሳቸው መሬት ላይ ወድቀው "አባቴ ገብረ ማርያም፣ ይቅር በለኝ፣ በሐሰት አማሁህ" እያሉ እንደ ልጅ አለቀሱ። ይቅርታ መለመን የነበረብኝ እኔ፣ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ በዳበሳ ራሴን አግኝተው ባረኩኝ። "ስህተቱን አምኖ የሚመለስ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? በል አንተው ያዝልኝ። እኔ ከእንግዲህ አልቀርጽበት፤ ክብሩን የምታውቀው አንተ ነህ።"

አሜን አልሁ። ተቀብዬም ወጣሁ።

ሰንጢው አሁን ኪሴ ውስጥ ነው፤ ወደ ሣጥኑ ልመልሰው አልቻልሁም። መሪጌታ ከአጥሩ ማዶ አሉ፤ ሲያስሉ ይሰማኛል። ጠዋት ጠዋት የአባታቸውን ነፍስ ይማር ማለት ጀምረዋል። ቀጥለው "ለጎረቤቴም ዕድሜ ስጥልኝ" ይላሉ።

ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ የበደልሁት እርስዎን አይደለም። የበደልኋቸው ሰው በአንድ አጥር ማዶ ተቀምጠው ይጸልዩልኛል። እኔም እዚህ ተቀምጬ ለማላውቀው ሰው እጽፋለሁ።