የእህቴ ቅላት

ከትናንት ወዲያ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል በራችን ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናቸው፣ ከልጃቸው ከመሠረት ጋር። መሠረት አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ነጥብ ሳይመጣላት ቀርቶ ቤት የተቀመጠች ልጅ ናት። አረብ አገር ልትሄድ ነውና እህቴ ትምከራት ብለው ነው የመጡት።

እህቴ ሰዓዳ ጓዳ ነበረች። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለንበታል። ውጭ የመካነ ሰላም ፀሐይ ቦግ ብላ፣ እሷ ጨለማ ውስጥ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። እትዬ አስካለ ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ቆም አሉና የገባቸው መስሏቸው ፈገግ አሉ...

«አይ ሰዓዳ፣ ለካ ፀሐይ እየሸሸሽ ነው እንዲህ የቀላሽ። እይ መሠረት፣ መልክ እንዲህ ነው የሚጠበቅ።»



ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዓዳ አረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ዓመታት ቆይታለች። የምትልከውን ፎቶ ያየ ሁሉ «ቀላች፣ ተመችቷታል» ይል ነበር። እኛ ዘንድ የቀላ ሰው የደላው ነው፤ የጠቆረ ደግሞ እርሻ ላይ የዋለ። እናቴ አንዱን ፎቶ አሳጥባ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታሳያለች። ጉንጮቿ ላይ ግራና ቀኝ የወጣውን ቅላት ሳይቀር «እዩልኝ፣ ደም ሞልቷት» እያለች። ያ ቅላት በሽታ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው።

«ይቺ ልጅ ለምን ሁልጊዜ አንድ መጋረጃ ፊት ቆማ ነው የምትነሳው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ማዳሟ በሩን ቆልፋባት ነው የምትወጣው። መስኮቱ አይከፈትም። ልብስ እንኳ በማሽን ነው የሚደርቀው።

አምና መገጣጠሚያዋ ሁሉ እያበጠ ሥራ ሲያቅታት መለሷት። ቤቷ ገብታ መጀመሪያ ያማራት ምግብ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፋ ፀሐይ መሞቅ ነበር። እናቴም እንደ ሕፃን ልጅ እግሯን ቅባት እየቀባች ታሞቃታለች። ሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር... ብዙም ሳይቆይ ፊቷ ቆሳሰለ፣ ትኩሳት ያዛት።

«ምች ነው የመታት» አለች እናቴ። ዳማከሴ አሽታ አስሸተተቻት፣ ጨምቃ አጠጣቻት። ትኩሳቱ ባሰበት። ምነው ምች በሆነ ኖሮ።

ደሴ ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ችኩል ያልሆነ። የምርመራውን ውጤት አይቶ «ቫይታሚን ዲ የሚባለው በሰውነትሽ የለም ማለት ይቻላል። አብዛኛው ከፀሐይ ነው የሚገኘው። የት ነበርሽ?» አላት።

«ቤት ውስጥ» አለች።

በሽታዋ ሉፐስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ ጠላት የመጣ መስሎት የገዛ አካሉን ሲያጠቃ ነው ብሎ አስረዳን። ፀሐይ በማጣቷ ነው ወይ የያዛት ብዬ ጠየቅኩት። እውነቱን ለመናገር አዎ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር፤ የምረግመው ሰው እንዲኖረኝ።

«እሱ ነው ብዬ አልምልልህም» አለኝ። «ቫይታሚኑ ያነሳቸው ሰዎች ላይ እንዲህ ዓይነት በሽታ በዛ ብሎ ይታያል። እጥረቱ በሽታውን ይጥራው፣ በሽታው እጥረቱን ያምጣው ገና በደንብ አልተለየም። የዘርም ነገር አለበት።»

ይሄኔ ሰዓዳ ቀና አለች። «ዶክተር፣ ከሰዓት በኋላ በመጋረጃው ስንጥቅ ትንሽ ፀሐይ ወለሉ ላይ ታርፍ ነበር። ሁልጊዜ እግሬን እዚያ ላይ አደርግ ነበር። እሱ አይጠቅምም?»

«በመስታወት የገባው ያሞቃል እንጂ ለቫይታሚኑ እምብዛም አይረዳም» አላት። ሲናገር ዓይኗን አላየም።

«እንግዲህ አሁን በደንብ ትሙቅ?» አልኩት።

«በፍጹም። የሷን በሽታ ፀሐይ ትቀሰቅሰዋለች። ቫይታሚኑን በኪኒን ትወስዳለች፤ ከፀሐይ ግን ትከለል።»

ሰዓዳ ሳቀች። ሰው አገር ማዳም ከለከለቻት፣ አገሯ ስትገባ ሐኪም ከለከላት። እኔን ማልቀስ ነበር ያማረኝ።

ይህን ሁሉ ከትናንት ወዲያ ራሷ ለእነ እትዬ አስካለ ነገረቻቸው። ሻሿን ገለጥ አድርጋ ጉንጯን አሳየቻቸው፣ አልታጠፍ ያሏትን ጣቶቿንም።

«እትዬ፣ ይኼ መልክ አይደለም፣ ቁስል ነው» አለች ረጋ ብላ። ወደ መሠረት ዞራ ደግሞ «ቢሆንልሽ ቅሪ እህቴ። ካልሆነ ደጅ የሚያስወጡ ሰዎች ቤት ግቢ» አለቻት። ቤቱን ማን ያስመርጣታል? እሷም ታውቀዋለች፤ ሌላ የምትለው ስላጣች ነው።

እትዬ አስካለ «አላህ ያሽርሽ ልጄ» ብለው እንባቸውን ጠረጉ። በቃ ልጅቷን ያስቀሯታል ብዬ ደስ አለኝ። ልሸኛቸው ወጣሁ። እናትየው ቀደም አሉ፤ መሠረት በሩ ጋ ቆም አለች።

«ሙሄ...» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያለችው ገብቶኛል። ግን እኛስ እዚህ ከፀሐይ ሌላ ምን አለን?»

ይኸው እስካሁን መልስ እየፈለግኩላት ነው። መልስ ያላችሁ ቶሎ በሉ... ፓስፖርቷ ወጥቷል።