ፋሲካ ያልተስማማው ውሻ

ውሻው የእኔ አልነበረም፤ የአከራዬ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው "በሰው ውሻ ምን ጥልቅ አደረገሽ?" የሚለኝ ስለማይጠፋ ነው። አንድ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ብለውኛል፤ የሚገባቸውንም መልስ ሰጥቻቸዋለሁ።

ነርስ ነኝ። ከደሴ በዝውውር አሰላ ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ልጅ አልወለድኩም፤ ከዚህ በላይ የሚጠይቀኝን ሰው አልወድም። የተከራየሁት አንዲት ክፍል ሰርቪስ ቤት ነው። አከራዬ ሰባን የዘለሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው እዚህ ከሰፈሩ ቤተሰብ የተወለዱ ሴት ናቸው። እኔ "እትዬ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው "ሲስተር" ይሉኛል። ልጆቻቸው ሦስቱም አዲስ አበባና አዳማ ናቸው። የእሳቸው በርና የእኔ በር ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ግቢ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ታዲያ በአራት ዓመት ውስጥ ያንን ሃያ እርምጃ የተሻገርነው ለመብራትና ለውኃ ነገር ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ውሻውን ቡችላ ሳለ ሳጉሬ ያሉ ዘመዳቸው ገብስ ሊያደርሱላቸው ሲመጡ በማዳበሪያ ከተው አመጡት። ቡናማ ነው፣ ደረቱ ላይ ነጭ አለው። ስም አላወጡለትም፤ "አንተ!" ነው የሚሉት። ቀን ቀን የሚያድረው፣ ይቅርታ፣ የሚውለው የእኔ በር ላይ ነበር። የተረኝነቴን ሰዓት ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ሆስፒታል ውስጥ ቀኑን ሙሉ "ሲስተር፣ ሲስተር" ስባል እውላለሁ፤ ነጩን ጋውን አውልቄ ስወጣ ግን የሚጠራኝ የለም። የውጭውን በር ስከፍት ጭራውን እየቆላ የሚመጣ አንድ ፍጡር መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ቤቱ ሰው የሞላለት አያውቀውም።

ማሳከኩ የጀመረው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ የእግሩን መዳፍ መላስ ያዘ፤ ነጭ የነበረው የጣቱ ጸጉር ዝገት መሰለ። ከዚያ ጆሮው፣ ከዚያ ብብቱና ሆዱ። በኋላ እግሩ ሲያክ የቆርቆሮ በሬን ድው ድው ያደርገዋል፤ ሰው ያንኳኳ እየመሰለኝ ስንት ቀን ተነስቼ ከፍቻለሁ መሰላችሁ። ሰው አልነበረም። ገና ሲደርስ ሆዱ ጸጉሩ አልቆ ቀይ ሥጋ ሆነ፣ ይሸታልም።

"እከክ ነው" አሉ እትዬ፣ ለአፍታም ሳያስቡ። ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አስመጥተው ከአናቱ እስከ ጭራው ለቀለቁት። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ውሻው ዘይቱን ሲልስ ዋለና ሁለት ቀን ሙሉ አስታወከ። ደሜ ፈላ። "እትዬ፣ ሊገድሉት ነው እንዴ?" ብዬ ጮህኩባቸው። ከዚያ ደግሞ የእኔ ተራ ሆነ። ነርስ አይደለሁ? ለሰው እከክ የምንሰጠውን ቢቢኤል ቀባሁት፤ ቁስሉን አቃጥሎት ግቢውን በጩኸት አናጋው። አልበቃኝም፣ በላዩ ላይ ጂቪ የሚባለውን የቁስል ቀለም ጨመርኩበት። ሐምራዊ ሆድ ያለው ውሻ በአሰላ ታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። አላፊ አግዳሚው በአጥሩ ቀዳዳ እያየ ሲስቅ ከረመ። ማሳከኩ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቀጠለ።

ቅበላ ሰሞን እትዬ ሃያውን እርምጃ ተሻግረው መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው በሬ ላይ ቆሙ።

"ሲስተር፣ ለፋሲካ ልጆቼ ከነልጆቻቸው ይመጣሉ። እከካም ውሻ ለልጅ ልጆቼ አላሳይም። እስከ ሆሳዕና ካልዳነ ይሄዳል።"

"ወዴት ነው የሚሄደው?"

"እኔ ምን አውቄ! አገር ሰፊ ነው።"

እንኳን ልለምናቸው፣ ፊቴን አጥቁሬ በሩን ዘጋሁባቸው። ቁጣዬ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ከዘጋሁት በኋላ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ውሻ ስለሆነ አይደለም ያለቀስኩት፤ እሱ ከሄደ ያንን የውጭ በር ከፍቼ ስገባ ማን ሊጠብቀኝ ነው ብዬ ነው።

ጾሙ ገባ። እኔ ሌላውን ጾም አልጾምም፤ የነቢያትም ይሁን የፍልሰታ ሥጋዬን እበላለሁ፣ ወተቴን እጠጣለሁ፣ ከምበላውም ለውሻው አካፍለዋለሁ። ሁዳዴን ግን እናቴ ያስለመደችኝ ስለሆነ አልተውም። እትዬማ ጾም ከሚሽሩ ቢሞቱ ይመርጣሉ። ስለዚህ በዚያ ግቢ ለሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ የለ፣ አጥንት የለ፣ ወተት የለ። ለውሻው ከእሳቸው ቤት የገብስ ቂጣ ይመጣለታል፣ ከእኔ ቤት ድንችና ቅቅል አተር። መጀመሪያ ሰሞን አሽትቶ ያየኝ ነበር፣ "ይሄ ምንድን ነው?" በሚል ዓይነት። "ቻለው፣ ጾም ነው" እለዋለሁ።

እትዬ ደግሞ በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጸበል በጠርሙስ ይዘው መጥተው ይረጩት ጀመር። ጎረቤታቸው "ኧረ በስመ አብ! ለውሻ?" ብትላቸው፣ "ለከብት ይረጭ የለም እንዴ!" ብለው ዝም አሰኟት።

ደብረ ዘይት ሲደርስ ማከኩ ቀነሰ። ኒቆዲሞስ ላይ ሆዱ ጸጉር አበቀለ። ሆሳዕና ዕለት ያ ውሻ እንደ አዲስ ጫማ ያብለጨልጭ ነበር። እትዬ ዘንባባቸውን ራሳቸው ላይ እንዳሰሩ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠሩ አሳዩ። "ጸበሉ ነው! ጸበሉ!" እኔ ደግሞ በልቤ "ጂቪው ነው" እላለሁ። ይህን አንድ ቀን በአፌም አወጣሁትና፣ "አንቺ ሁሉን ነገር በመድኃኒትሽ ነው!" ብለው ተቆጡ። ተጨቃጨቅን። ውሻው በመካከላችን ተቀምጦ ፊታችንን እያፈራረቀ ያያል። ማን አዳነው በሚል ስንጣላ፣ ምን አዳነው ብሎ የጠየቀ ከሁለታችን አንድ አልነበረም።

የስቅለት ዕለት ከስግደት ሲመለሱ እትዬ፣ "ለፋሲካ ከእኛ ጋር ትፈስኪያለሽ?" አሉኝ፣ ወደ መሬት እያዩ።

"ተረኛ ነኝ፣ እትዬ" አልኳቸው።

ተረኛ መሆኔ እውነት ነው፤ ግን ለምኜ፣ የሌላ ሰው ተራ ወስጄ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር እንዲህ ነው የማደርገው። ሰው ቤት ሄጄ ከጓዳ በርጩማ ሲወጣልኝ፣ ልጆች "ይቺ ማናት?" ሲሉ፣ እናታቸው "እሽ! ተከራይዋ ናት" ስትል መስማት አልችልም። ከሱ ይልቅ የሰው ቁስል ሳጥብ ብውል ይሻለኛል።

በፋሲካው ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለስኩ። የእትዬ በር ገርበብ ብሏል፣ ድምፅ የለም። "ልጆቹስ?" አልኳቸው ከግቢው። "አሁን ነው የሄዱት፤ ሥራ አለባቸው" አሉኝ ሳይወጡ። እኔ አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ገዝቼ ነበር። ጥብሴን ጠብሼ፣ በሬን ከፍቼ ደፉ ላይ ተቀመጥኩና ለውሻው እኩል አካፈልኩት። "እንኳን አደረሰህ፤ አንተም እኮ ጹመሃል" አልኩት። ሳያላምጥ ዋጠው። በዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በሳምንቱ መዳፉን መላስ ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ጆሮው ቀላ። ሦስተኛው ላይ ሆዱ እንደገና ተላጠ፣ በሬም እንደገና ድው ድው ይል ጀመር። ቅስሜ ስብር አለ። እትዬ አዩት፣ ከንፈራቸውን መጠው ገቡ። ሐሙስ ዕለት ግን ጠሩኝ። ጢቾ ድረስ እህል ሊጭን የሚሄድ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ያውቃሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ይወስደውና መንገድ ላይ አንድ ቦታ ይጥለዋል።

"እትዬ፣ ጅብ ይበላዋል!"

"ምን ላድርግ፣ ሲስተር? ስቃዩን ማየት አቃተኝ።"

ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ንዴቴ እንጂ ድምፃቸው አልተሰማኝም።

ዓርብ ጠዋት ፈቃድ ጠይቄ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ወሰድኩት። ባጃጆቹ ውሻ አንጭንም ብለው እንቢ አሉ፤ በገመድ እየሳብኩ በእግሬ ሄድኩ። ክሊኒኩ በር ላይ ገበሬዎች ላምና በሬ ይዘው ተሰልፈዋል። እኔን ሲያዩ በኦሮምኛ ተቀባበሉብኝ፤ "ሳሬ" ማለት ውሻ መሆኑን በአራት ዓመት ያልሰማሁ መሰላቸው። "አዎ፣ ሳሬ ነው! ምነው?" ብዬ ስዞር ሳቁና አንዱ ሽማግሌ ተራቸውን ለቀቁልኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ከውሻው ሆድ ቆዳ ፍቆ በመስታወት ላይ አደረገና በማይክሮስኮፕ አየ። ቀና ብሎ፣ "እከክ አይደለም" አለኝ። "እንዲህ የበረታ እከክ ቢሆን እርስዎንም ያሳክክዎት ነበር። ድኖ ያውቃል?"

"በጾሙ ድኖ ነበር። ጸበል... ጂቪም አድርጌለት ነበር።"

"በጾሙ ምን ይበላ ነበር?"

"ምን ይበላል? የጾም ነዋ!"

ማይክሮስኮፑን ገፋ አድርጎ አየኝ። ያኔ ገባኝ። በነርስነት ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሰውነቱ ሽፍ ብሎ የመጣን ሰው ሁሉ "ምን በላህ?" ብዬ ስጠይቅ። ይህን ፍጡር አንድ ቀን አልጠየቅኩለትም።

"አለርጂ ነው" አለኝ። "የከብት ነገር ሰውነቱ አይቀበልም ብዬ እገምታለሁ። ሥጋው ይሁን ወተቱ ለይቼ ልነግርዎት አልችልም፤ ሁለቱንም ይከልክሉት። ለማሳከኩ መርፌ እወጋዋለሁ፤ ቁስሉን በጨው ውኃ ይጠቡለት። ዋናው ግን ምግቡ ነው። ወደ ጾሙ ይመልሱት።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ዕድሜ ልኩ።" ከዚያ ግንባሩን ቋጥሮ፣ "ለፋሲካ ብዙ ቀን ነው የሰጡት?"

"አንድ ቀን ብቻ።"

"በአንድ ቀን ብቻ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ አይብስበትም። እስካሁን ሥጋ የሚሰጠው ሰው አለ።"

መንገዱን በሙሉ በንዴት እየበገንኩ ተመለስኩ። በግቢው ውስጥ ከእኔ ሌላ ያለው ሰው አንድ ነው። እያበሉ ያሳምሙታል፣ ከዚያ ታመመ ብለው ለጅብ ይሰጡታል! ሃያውን እርምጃ እንዴት እንደተሻገርኩት አላውቅም፤ ሳላንኳኳ ገባሁ።

እትዬ ሶፋቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከጓዳቸው በር በላይ ከጥግ እስከ ጥግ ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱ ላይ ቋንጣ ተንጠልጥሏል። የአንድ ሰው ቋንጣ አይደለም። የሠርግ ቤት ይመስል ነበር።

"ሥጋ ነው እትዬ! ሥጋ ነው የሚያሳክከው!" ብዬ ጀመርኩ፤ ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። "እርስዎ ነዎት የሚሰጡት!"

አልካዱም።

"ቅርጫ ገብቼ ነበር" አሉ። "ለልጆቹ ብዬ ሙሉ መደብ ወሰድኩ። አልመጡም፣ ሲስተር። መንገዱ እንዲህ ነው፣ ሥራው እንዲያ ነው አሉ በስልክ። ላንቺ መጥተው ሄዱ ያልኩሽ አፍሬ ነው። ጥሬውን መጀመሪያ ለሱ ሰጠሁት። የቀረውን ሰቀልኩት። ብቻዬን አይወርድልኝም። ማታ ማታ እሱ መጥቶ በር ላይ ይቆምልኛል፣ ዓይን ዓይኔን ያያል..." እንባቸው መጣ። "ለማን ልስጠው ታዲያ?"

ንዴቴ ከየት መጥቶ የት እንደገባ እንጃ። እዚያው ቆሜ፣ ፋሲካ ዕለት በሃያ እርምጃ ርቀት በሁለት በር ውስጥ የተቀመጥነውን እኔንና እሳቸውን አሰብኩ። ሁለታችንም አጠገባችን ሰው የለም ብለን ያለንን ሁሉ ለአንድ ምስኪን ውሻ ስናጎርስ፣ በፍቅር ስንልጠው።

"ለእኔ ይስጡኝ" አልኳቸው።

"አንቺ ተረኛ ነኝ አላልሽም?"

"ለምኜ ነው ተረኛ የሆንኩት፣ እትዬ። የምሄድበት ስለሌለኝ።"

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ነጠላቸውን በዓይናቸው ላይ አደረጉና ተነሱ፤ በርጩማ ላይ ወጥተው ከገመዱ እፍኝ የሚሞላ ቋንጣ አወረዱ። ዓርብ ቢሆንም ሃምሳው አልወጣም፣ ይበላል። ሽንኩርቱን ለእኔ ሰጡኝ፤ እሳቸው ምድጃቸውን ለኮሱ። ለሾፌሩ ደውለው "ቀርቷል፤ ቅዳሜ እንዳትመጣ" አሉት፣ ምክንያቱን ሳይነግሩት።

የቅቤው ሽታ ግቢውን ሲሞላው ውሻው መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየ። እኔ መነሳት አቃተኝ።

"ዝጊበት" አሉኝ እትዬ ፊታቸውን አዙረው። "ዝጊበት፣ ሲስተር፤ እኔ አልችልም።"

ተነስቼ ዘጋሁበት። ከውጭ ሆኖ በሩን እየቧጨረ ሲያለቅስ፣ እኛ ከውስጥ ሆነን፣ አንድ ትሪ ላይ፣ እየተጎራረስን በላን።