የማማው መስታወት

“ከጠበላ ከተማ ገበያ ነው የገዛሁት አልኩሽ እኮ!” አለ አባቴ።

“ይሄን የሚያህል የፋኖስ መስታወት ገበያ ላይ ማን ይሸጣል አባዬ?”

ሶዶ ካለው ቤታችን፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያገኘሁት መስታወት አሁንም ላምባ ላምባ ይሸታል። ሽታው ወደ ሰባት ዓመቴ፣ ወደ አባያ ዳር መለሰኝ። እዚያ ጀልባዎችን በጠባቡ መተላለፊያ የሚመራ አሮጌ የመብራት ማማ ነበር። የሚጠግነው ጠፍቶ ግድግዳው ቢሰነጣጠቅም ዓሣ አጥማጆቹ ፋኖሱን በየተራ ይለኩሱ ነበር።

አንድ ማለዳ የፋኖሱ መስታወት ጠፋ። ነፋስ የለም፤ ሞገዱ ግን እየተከታተለ ዳሩን ይመታል። እንዲህ የሚሆነው ጀልባ ሲያልፍ መሆኑን አጎቴ አስተምሮኛል። አባቴ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ከቄጠማው ውስጥ ወጣ።

“አባዬ፣ ማን አለፈ?”

“ጉማሬ ነው። ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪ።”

ጉማሬ ምኑ ይደበቃል?

በሳምንቱ ነፋስ መብራቱን አጠፋው፤ የአጎቴ ጀልባም ከቋጥኝ ተላትሞ ሰጠመ።

“ለዚያ ባለ ጀልባ ልትሸጠው ሰርቀህ፣ ወንድምህ ከሞተ በኋላ መሸጡን ፈርተህ ነው የደበቅከው?” አልኩት።

አባቴ መስታወቱን አየ፤ እኔን አላየኝም። ጫማውን እንኳን ሳያስር ወጣ፤ በሩም ከኋላው ተዘጋ።