የዓለም መቀዝቀዝና የአክስቴ ግድግዳ

ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩትን ትምህርት በስልኬ የቀጠልኩበት ጊዜ። ጎመን ስቀነጥስም ልብስ ሳጥብም ስለ ሰማይ የሚያስረዱ ሰዎችን እሰማለሁ። የሰማሁትን ለሰው ካልነገርኩ ደግሞ ሆዴን ይቆርጠኛል።

በዚያ ሰሞን፣ ከብርዳማዋ ሮብ ገበያ ወጣ ብላ የምትኖረውን አክስቴን፣ ልጇን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች እሑድ እንመጣለን ብለዋታል። ልጅቷም ሽማግሌ የላከውን ልጅ ወዳዋለች። ችግሩ የጓዳው ግድግዳ ነው፤ በክረምቱ ተንዶ አህያዋ በቀዳዳው አንገቷን እያስገባች ምሳችንን ትቆጣጠራለች።

"ሽማግሌ ፊት አህያ ብቅ ካለችብኝ አለቀልኝ!" ብላ አክስቴ ጠላ ጠንስሳ ለዓርብ የምርጊት ደቦ ጠራች።

ወንዶቹ ጭቃውን ከጭድ ጋር ሲረግጡ እግራቸው እንዳይሰንፍ የሚያጫውታቸው ሰው ያስፈልጋል። የዚያን ቀን ተረኛዋ እኔ ነበርኩ።

"በይ እንጂ እታለም፣ ጨዋታ አምጪ!" አሉኝ ከፊት የሚረግጡት ሸምገል ያሉ ጎረቤቷ።

አመጣሁላቸው። ፀሐይ አንድ ቀን ነዳጇን ትጨርሳለች፤ ከዋክብቱም ተራ በተራ ይጠፋሉ። የሞቀው ሁሉ ሙቀቱን ለቀዝቃዛው እያካፈለ፣ መጨረሻ ላይ ዓለም በሙሉ እኩል ትቀዘቅዛለች አልኩ።

"ሮብ ገበያን ትሆናለች በይኛ!"

"ከሮብ ገበያም ይብሳል፣ ጋሼ።"

"ወይ ጉድ! ከዚህ የሚብስም አለ?" ብለው እግራቸውን ከጭቃው መዘዙ። ሌሎቹም መዘዙ። "ይሄ ግድግዳስ ታዲያ?"

"እሱማ ይፈርሳል። ራሱን የሚመርግ ግድግዳ የለም፤ ሰው ካልደከመበት ነገር ሁሉ ወደ መፍረስ ነው።"

እኔ ማበርታቴ ነበር። እነሱ የሰሙት ግን "ይፈርሳል" የሚለውን ብቻ ነው።

"ከሚፈርስማ ምን አደከመን?" ብለው ተቀመጡ። ፀሐይ የምትጠፋው ከብዙ ቢሊዮን ዓመት በኋላ ነው ብላቸው ጭራሽ ደስ አላቸው፤ "እንግዲያው ጠላው ይደርሳል!"

ክርክሩ እንደጦፈ አክስቴ ዳቦ ይዛ ከች አለች።

"ጭቃዬን ምን አደረጋችሁት?"

"እኛ ምን አደረግን? ዓለም እየቀዘቀዘች ነው" አሉ ሸምገል ያሉት ጎረቤቷ።

"እሑድ ሳይደርስ?"

"ኧረ ከእሑድ በኋላ ነው" አልኳት።

"እንግዲያው ተነሡ!"

ተነሡ። ግን ፀሐይ ነዳጇን ገና ስላልጨረሰች ጭቃውን ድንጋይ አድርጋዋለች። ውኃ ከምንጭ ተቀድቶ እስኪመጣ መሸ። ማግስቱ ደግሞ ቅዳሜ ነው፣ ሰንበት፤ በእኛ አገር ጭቃ አይረገጥም።

እሑድ አክስቴ ቀዳዳው ላይ ጋቢ ሰቀለች። እኔን ጋቢው ሥር አስቀምጣ "ትንፍሽ እንዳትዪ!" አለችኝ። ሽማግሌዎቹ ንግግር ሲጀምሩ አህያዋ ከኋላ ማጅራቴን ትገፋኝ ጀመር። እሷ በገፋችኝ ቁጥር እኔ ጎንበስ ቀና እላለሁ።

"እሰይ! እኅታችን ገና ሳንጨርስ እሺ እያሉን ነው" አሉ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ።

ልጅቷን ሰጠናቸው። ሰኞ ጠዋት አክስቴ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ጭቃውን ብቻዋን ረገጠች፤ ቀዳዳውንም ደፈነችው።