የጎሚስታው ልጅ ቀኝ እጅ

ጎሚስታው ቀኑን ሙሉ ከከባድ መኪና ጎማ ጋር ሲታገል ውሎ ቤቱ ሲገባ ሌላ ትግል ይጠብቀዋል። የሰባት ዓመት ልጁ አንድ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች ሳለ ዝልፍልፍ ብላ ወደቀች፤ ሐኪሞቹም ስትሮክ ነው አሉ። «ሕፃንም ስትሮክ ይመታዋል እንዴ?» ያላለ ጎረቤት የለም። ይመታዋል፤ ምን ይደረግ! ሕይወቷ ተረፈ፣ እግሯም ቀስ በቀስ ተመለሰላት። ቀኝ እጇ ግን እንደተጨበጠ ደረቷ ላይ ተለጥፎ ቀረ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ነገሩን ሳታድበሰብስ ነገረችው።

«ደህናው እጅ እያለላት በታመመው አትሠራም። ከሰዓት በኋላ ደህናውን እሰሩባት። ብታለቅስም አትርዷት። ዛሬ ካልሠራ ነገ እንቢ ይላል።»

እሱም ከወፍራም ጨርቅ ክንድ የሚሸፍን ጓንት አሰፋ፤ ጥርሷ በማይደርስበት፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ የቀበቶ ዘለበት አስደረገበት።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሰላም አጣ። ማንኪያው ይነሳል ይወድቃል፣ ይነሳል ይወድቃል። ውሃው ይደፋል። «አባዬ፣ ርቦኛል እኮ!» ስትለው «ሞክሪ» ይላታል። እናቷ ካረፈች ወዲህ ልጅቷን የምታሳድገው ታላቅ እህቱ ናት። «አንተ ሰው ነህ? ጎማ መሰለችህ?» ትለዋለች። ጓንቱን ተደብቃ ስትፈታላትም እጅ ከፍንጅ ይዟታል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ወገቡ ተቆርጦ ሲገባ ጓንቱ ወለሉ ላይ ተጥሏል፤ ልጅቷ በግራ እጇ ሥዕል ትስላለች። ደሙ ፈላ።

«እትዬ! ስንቴ ልንገርሽ? እጇ እንደዚሁ ቢቀር ደስ ይልሻል?»

«እሷን ይንሳኝ፣ አልነካሁትም!»

«ታዲያ ማን ፈታው፣ ግድግዳው?»

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል።

«በምንሽ?»

ቀኝ እጇን ዘረጋችለት። የሌባ ጣቷ ጫፍ ተልጧል።

አላመናትም። ጓንቱን አጥልቆ ዘለበቱን አሰረና «በይ አሳዪኝ» አላት። ያ እጅ እየተንቀጠቀጠ ደረቷን ተሻገረ። ተንሸራተተ። እንደገና ወጣ። ልጅቷ ምላሷን አውጥታ ላብ በላብ ሆነች። አውራ ጣቷ ገፋ፣ ሌባ ጣቷ ሳበ፣ ዘለበቱ ላላ። ጎሚስታው ከነግሪስ ልብሱ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ።

«ይቅር በይኝ እትዬ» አለ።

«ቻልኩ አይደል አባዬ? በቃ፣ ከነገ ጀምሮ አይታሰርም አይደል?»

አይታሰርም ሊል አፉን ከፈተ። ዘለበት መፍታት ገና መጀመሪያው እንደሆነ ያውቃል፤ የልብስ ቁልፍ መቆለፉ አለ፣ እስክሪብቶ መያዙ አለ። ይታሰራል ማለትም አቃተው። ደክሞታል እኮ! በገዛ ልጁ መጠላት ሰልችቶታል። ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

እትዬ ጎንበስ ብላ ጓንቱን አነሳች።

«ግራ እጅሽን ስጪኝ» አለቻት።

«አክስቴ፣ አንቺም?»

«እኔም። አባትሽን ተዪው፤ ከአሁን በኋላ እኔን ጥዪኝ» አለችና እንባዋ እየወረደ ዘለበቱን አጠበቀችው።