የተሰረዘው ባንዲራ

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ ጎንደር ፒያሳ በሚገኝ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ ስለ ባሕር ወንበዴዎች ከጻፍኩት ጽሑፍ አንድ አንቀጽ ተሰረዘብኝ።

ያኔ ማንኛውም ጽሑፍ ለጋዜጣ ከመላኩ በፊት ካድሬ ያየዋል። የእኛው ካድሬ ጓድ ተሰማ ርእሱን ሲያይ ሳቀ።

«የየብሱ ወንበዴ አነሰንና ነው የባሕሩን የጨመርክብን?»

መንግሥት ሸማቂዎቹን የሚጠራቸው ወንበዴ እያለ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ መርከበኞቹ አለቃቸውን በድምፅ እንደሚመርጡ፣ ሲጠሉትም እንደሚያወርዱት ጽፌያለሁ። ሊቀ መንበሩን የሚነካ መሆኑ የታየኝ እሱ ማንበብ ከጀመረ በኋላ ነው። ሰው ከዚያ ባነሰ ነገር ይታሰር ነበር።

ያን ገጽ ዝም ብሎ አለፈው። የቆመው ሦስተኛው ላይ ነው። ወንበዴዎቹ የሚዘርፉትን መርከብ ባንዲራ ሰቅለው እንደ ወዳጅ ይጠጋሉ፤ የራሳቸውን የሚያወጡት አጠገቡ ሲደርሱ ነው ይላል። በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሰረዘው።

«ምነው ጓድ? እውነት እኮ ነው።»

«እውነትነቱን ማን ካደ? ለሰው ማስተማሩ ምን ይጠቅማል?» አለና ማኅተሙን መታበት።

አደገኛውን ትቶ ተረቱን የሚሰርዝ ካድሬ እያልኩ ለጓደኞቼ ስስቅበት ከረምኩ።

ሸማቂዎቹ ከተማዋን በያዙ ማግስት በዚያ ቢሮ ሳልፍ ጓድ ተሰማ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። በሩ ላይ የቆመውን ታጣቂ እንዴት ሳይታሰር እንደቀረ ጠየቅሁት።

«አያ ተሰማን ነው?» አለኝ። «ከእኛ ጋር መሥራት ከጀመረ እኮ ስድስት ዓመቱ ነው።»